ቀይ ነጥብ በአባባ ጉድጓድ ላይ

ጥር 19 ቀን 2017፣ ሰኞ

ለሊሴ ካርታውን ዛሬ ከፍታ አሳየችን። አዘጋጃችን ጋሽ ፍሰሐ ወንበሩን ጎትቶ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ። እኔ ከኋላው ቆምኩ።

ከመስከረም ጀምሮ ከዚህም ከዚያም የለቀምነው የውሃ ምርመራ ውጤት ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከኦጎልቾ ቆላ እስከ ጭላሎ ተራራ ግርጌ። ሰማያዊው የሚጠጣ ነው። ቢጫው የሚያጠራጥር። ቀዩ ፍሎራይዱ ከልክ ያለፈ፣ የልጅ ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲቆይ አጥንት የሚያደርቅ። ነጥቡን በጣት ሲነኩት የቦታው ስምና መጠኑ ብቅ ይላል። ለሊሴ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ እኛን የምታግዘን በትርፍ ሰዓቷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለች ብዬ አልጠበቅኩም። የኛ የኢንተርኔት ጋዜጣ «ጭላሎ ማለዳ» እኮ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ የተከራየናት አንዲት ክፍል ናት!

ጋሽ ፍሰሐ ከሁሉ የደመቀውን ቀይ ነካ።

«ቡርቃ ቢሊሳ» ብሎ አነበበ። «ከተፈቀደው ሰባት እጥፍ። ጁወይሪያ፣ ይሄ ያንቺ አገር አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ በዚያ በኩል ነው» አልኩት።

በዚያ በኩል! ከሱቃችን በር ድንጋይ ቢወረወር ቦኖው ላይ ያርፋል።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አባባ ናቸው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሰው፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው፣ ስንት ጊዜ ነገ ተነገ ወዲያ ተብለው አስመጡት። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ውሃው የወጣ ቀን በሬ ታረደ ይባላል። እስከዛሬ ሰው «ቢሻን አክመል» ነው የሚለው፣ የአክመል ውሃ። በሰርግ ላይ እንኳ ይዘፈናል።

ታላቅ ወንድሜ ሲያድግ ውሃው አልነበረም። ጥርሱ ወተት ነው። እማዬ ነፍሷን ይማረውና «እሱ መፋቂያ ከአፉ ስለማይለይ ነው» ትል ነበር። እኔም ድዴ እስኪደማ ፍቄ አውቃለሁ።

አንድ ናሙና ብቻ ነው። አንድ ናሙና ሊሳሳት ይችላል።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ለሊሴን ጠየቅኳት። «ሊሳሳት ይችላል?»

«ይችላል። ሌሎቹም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የሌሎቹን አልጠየቅሽኝም ግን።»

ከሁሉ የበለጠው ስለሆነ ነው ያልኳት። እውነት ነው እኮ። ትልቁን ቁጥር ደግሞ ማጣራት የሙያው ደንብ ነው። ጋሽ ፍሰሐም ተስማማ፤ «ጥሩ ጋዜጠኛ ናት፣ ታጣራለች» አለ ለለሊሴ። አንገቴን ደፋሁ።

ካርታው ሲወጣ አጭር ቪዲዮም ይኑረው፣ አንቺ ቆመሽ አስረጂ አለኝ። ካሜራ አይወደኝም፣ ድምፄን ልስጥ፣ ለሊሴ ትታይ አልኩ። «ሁልጊዜ ካሜራ አይወደኝም ነው። ካሜራው ምን አደረገሽ?» አለ። ድምፅ ለእኔ ይስማማኛል፤ ሁሉም ሰው የሚስማማው ነገር አለው።

ጥር 25፣ እሑድ

ቡርቃ ቢሊሳ ውዬ መጣሁ። ናሙናውን ቀዳሁ።

አባባ ከሱቁ ወጥተው አዩኝ። «ለምንድን ነው የምትቀጂው?»

«ለሥራ ነው አባባ።»

«የኛ ውሃ ለሥራ ተፈለገ?» ደስ አላቸው። ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ፦ ልጄ ከአሰላ ውሃችንን ልትጽፍ መጣች።

ዙሁርን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰገዱ። ካቻምና መሬት ላይ ነበር የሚሰግዱት። አሁን ወገባቸው አይታጠፍም፣ ሰው ሲጠራቸው አንገታቸውን ብቻ ማዞር አይችሉም፣ በሙሉ ሰውነታቸው ነው የሚዞሩት። ዕድሜ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

ማርያም ጋ ሻይ ጠጣሁ። ልጇ ሴና ሰባት ዓመት ሆናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ማን አስተማራት? ማርያም አብሮ አደጌ ናት፤ እሷም እንዲያ ነው የምትስቀው፤ ከእሷ አይታ ይሆናል።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ውጤቱ መጣ። ያው ነው። እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል።

ጋሽ ፍሰሐ ጠየቀኝ። አልደረሰም አልኩት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አልደረሰም። ለሁለተኛ ጊዜ።

ማታ ሻይ ቤት ለሊሴ ጠበቀችኝ። «ውጤቱ ለእኔም ተልኮልኛል፣ ሰኞ ዕለት» አለች። ፊቴ ጋለ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ነጥቡን ላጥፋው? በአንድ ጣት ነው። ግን አጥፊው ብለሽ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ገምቼ አላጠፋም።»

ሌሎቹን ቀይ ነጥቦች አሰብኩ። እያንዳንዱ አጠገብ የሰው አባት አለ። ያስቆፈረ፣ የመረቀ፣ በሬ ያረደ።

«ይቆይ» አልኳት።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ለጋሽ ፍሰሐ ነገርኩት፤ ውጤቱንም፣ መዋሸቴንም፣ የማን ጉድጓድ እንደሆነም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ከመውጣቱ በፊት ንገሪያቸው። ሰው ክፉ ወሬ ከልጁ አፍ ሲሰማና ከመንገድ ሲሰማ አንድ አይደለም።»

እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ወጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። እስከ ምሳ ሊንኩ ከኢተያ እስከ ጮሌ ደርሷል። ሰው የሰፈሩን ነጥብ እየነካ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። «የኛ ቢጫ ነው፣ ምን ማለት ነው?» «የአክስቴ ቀይ ነው!» ስልኩ ዕረፍት የለውም። አንድ የማላውቀው ሰው «እናንተ ሕዝብ ለማሸበር ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ዘጋው።

የአባባን ቁጥር ደጋግሜ መታሁ፣ ሳይጠራ ዘጋሁት። ዛሬ የገበያ ቀናቸው ነው፤ ሱቅ ይጨናነቃል። ማታ ይሻላል።

ማታ ደከመኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አባባ ራሳቸው ደወሉ።

«ጁወይሪያ።»

ልጄ አላሉም።

«ስኳር እየመዘንኩ ነው አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር የደቀነው። መነጽሬን አልያዝኩም፣ አንብብልኝ አልኩት። ሰው በሞላበት አነበበልኝ።»

«አባባ፣ ልነግርዎ...»

«ለሥራ ነው ያልሽኝ ይኸው ነው?»

ዘጉት። ቢጮሁብኝ ኖሮ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። የጋሽ ፍሰሐም ሁዳዴ ሰኞ ገብቷል። ቢሮው ውስጥ እሱም እኔም በባዶ ሆድ እንነጫነጫለን፤ ለሊሴ ዳቦዋን ደረጃ ላይ ወጥታ ትበላለች።

ዜና ከቡርቃ ቢሊሳ፦ ወጣቶች ቦኖውን በሰንሰለት ቆልፈውታል። ማንም እንዳይጠጣ! ካርታው ሠራ! ለጋሽ ፍሰሐ እየሮጥኩ ነገርኩት።

«ታዲያ አሁን ምን ይጠጣሉ?» አለ።

«ሌላ ፈልገው ይሆናላ።»

ፊቱን ቋጠረ። ጾሙ ነው፣ ያኮሳትረዋል።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ማርያም ደወለች። ሴና። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት። ከመስኖው ቦይ ነው የቀዱት። በባጃጅ እስከ ኦጎልቾ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ አሰላ። እየመጡ ነው።

ሆስፒታል እየሄድኩ ነው።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ከሆስፒታል ገና መመለሴ ነው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ሴና አልጋው ላይ ከትራሱ የበለጠች አልነበረችም። ዓይኗ ጎድጉዷል። ነርሷ ደም ሥሯን ማግኘት አቅቷት እጇን ደጋግማ ወጋች፤ ልጅቷ ለማልቀስ እንኳ እንባ አልነበራት። በመጨረሻ ግሉኮሱ ገባ። ዶክተሩ እስከ ንጋት ካለፈች ትተርፋለች አለ። ሌሎችም ሦስት ልጆች አሉ፣ ሁሉም ከዚያው ቦይ።

ማርያም ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር ታሻለች። የፈጅር አዛን ሲሰማ ቀና አለች።

«ቀይ ነው አልሽን። እሺ፣ ቀይ ነው፤ ዘጋነው። የምንጠጣው ሰማያዊውስ የት ነው? ስልኩን እየነካካን ፈለግን። ሰማያዊው ተራራው ላይ ነው። በጀሪካን ተራራ ልወጣ ነው?»

ስለ ካርታው ላስረዳት ጀመርኩ። እውነት! አስረዳኋት! ስለ ናሙና፣ ስለ ልክ። ሰምታ ሰምታ አቋረጠችኝ።

«እኔና አንቺ ከአንድ ቧንቧ ነው የጠጣነው። እኔ መሃይም ነኝ፣ እዚያው ቀረሁ። አንቺ ተምረሽ ወጣሽ። ጥርሴን ሰው እንዳያይ ስሸፍን አብረሽኝ ነው የሸፈንሽው። ስለዚህ እኔን አታስረጂኝ። ምን እንጠጣ በይኝ።»

ሴና ከነጋ በኋላ ውሃ ጠየቀች። የታሸገ ገዝቼ መጣሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሴና ተሻላት። ግሉኮሱ ተነቀለ። አልሐምዱሊላህ።

አባባ መጡ። በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። በሙሉ ሰውነታቸው ዞረው አዩኝ። እጃቸውን ልስም ስል አልከለከሉኝም፣ አልመረቁኝምም። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሴና የተኛችበትን ክፍል በር እያዩ፦

«እኔ ሳላውቅ አጠጣኋቸው። አንቺ እያወቅሽ አስጠማሻቸው» አሉ።

ተነስተው ልጅቷን ሊጠይቁ ገቡ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

አከራያችን ክፍሏን በወሩ መጨረሻ ልቀቁ አለ። ልጄ ሊገባበት ነው አለ። ልጁ ገና አሥር ዓመቱ ነው። ጋሽ ፍሰሐ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ካርታውን እናውርደው?» አልኩት።

«ስህተት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ጎደሎ ነው። ጎደሎ ነገር ይሞላል እንጂ አይወርድም።»

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ከለሊሴ ጋር ካርታውን እንደገና እየሠራን ነው። አሁን ቀይ ነጥብ ሲነካ፣ ቅርቡ ሰማያዊ የት እንዳለና በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ይናገራል። እስከዚያው ምን ይደረግ የሚለውንም፦ የቦዩን ውሃ አፍልቶ መጠጣት፣ ቦኖውን ለልብስና ለዕቃ። ይህን መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ያኔ ጽፈነው ቢሆንስ ኖሮ?

ለቡርቃ ቢሊሳ ግን ቅርቡ ሰማያዊ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። የአራት ሰዓት መንገድ መልስ አይደለም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ለሊሴ የሳተላይት ፎቶ ከካርታው ሥር አነጠፈች፤ የዘንድሮ የበጋ ፎቶ። አገሩ ሁሉ የደረቀ፣ የጤፍ ገለባ መልክ። በመሃሉ ግን ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ፣ ከተራራው ግርጌ ተነስቶ ወደ ቆላው ይወርዳል።

«ወንዝ እንዲህ ቀጥ አይልም» አለች። «መንገድም ሣር አያበቅልም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ነው። የሚያፈስ ነገር።»

በቡርቃ ቢሊሳ መስጊድ ጀርባ ያልፋል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሄድን። መስመሩን ስልኬ ላይ እያየን በእግር ተከተልነው። ጾም፣ ፀሐይ፣ አቧራ። ግን ከመስጊዱ ጀርባ ሣሩ እርጥብ ነው! ለሊሴ ተንበርክካ በጣቷ ቆፈረች። ቧንቧ ነው። ዱካውን ይዘን ስንወርድ የአንድ ባለሀብት አትክልት እርሻ አጥር ጋ ደረስን። የተራራ ምንጭ ውሃ ነው፣ ለሠራተኞቹ ካምፕ የሚሄድ። የካምፑ ውሃ ሰማያዊ እንደሆነ ካርታው ላይ ከመጀመሪያው ነበር፤ አጥር ውስጥ ነው ብለን ለመንደሩ ቅርብ ከሚባለው አልቆጠርነውም፣ ከየት እንደሚመጣም አልጠየቅንም።

ሥራ አስኪያጁ በአጥሩ በኩል አነጋገረን። «ቧንቧው የግል ነው። ለመንደር የሚተርፍ የለውም።»

«መሬት ላይ የሚፈሰውስ?» አለች ለሊሴ።

«ይጠገናል።»

ስንመለስ አባባ መስጊዱ ጥግ ቆመዋል። እኔን አልፈው ለሊሴን ጠየቁ። «ልጄ፣ ሣር ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። እንዴት እንደሚነካ አሳየቻቸው፤ ወፍራም ጣታቸውን በጥንቃቄ አሳረፉ። መጀመሪያ የራሳቸውን ነኩ። ቁጥሩ ብቅ ሲል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጎን ሄደ። ሌላ ቀይ። ሌላ ቀይ። ቦታዎቹን በስም ያውቋቸዋል፣ ያስቆፈሩትን ሰዎችም ያውቃሉ።

«ይሄ የሐጂ ጀዋር ነው... ይሄንን መንግሥት ነው የቆፈረው... ይሄም?» ጣታቸው እስከ ሐይቁ ዳር ደረሰ። «ሁሉም?»

«ከመሬቱ ነው አባቴ» አለች ለሊሴ። «ከታች ካለው ድንጋይ። የቆፈረ ሰው ጥፋት አይደለም።»

ስልኩን አልመለሱም። እንደያዙት ወደ እኔ ዞሩ፣ በሙሉ ሰውነታቸው።

«ይህንን ነበር ቀድመሽ የምታሳዪኝ» አሉ። «ተቀምጠን፣ እኔና አንቺ።»

«አዎ አባባ።»

«ኢፍጣር ሳይደርስ አትሂዱ።»

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሁለተኛው ካርታ ወጣ፣ ከነመስመሩ።

የእርሻው ባለቤት ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። መስመሩን አውርዱ፣ እከሳለሁ። ጋሽ ፍሰሐ ረጋ ብሎ፣ «መስመሩ ሐሰት ከሆነ አሁኑኑ አወርደዋለሁ። ሐሰት ነው?» አለው። ሰውዬው ሌላ ሌላውን ተናገረ እንጂ ሐሰት ነው አላለም።

ከዘጋ በኋላ ጋሽ ፍሰሐ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ሲከት አየሁ። ሁለት ልጆች ያስተምራል። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቪዲዮውን ዛሬ ቀረጽን። እኔ ነኝ የቆምኩት፣ አፌን ሳልሸፍን። ለሊሴ ደግመን እንቅረጽ አለችኝ፣ አልፈለግኩም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ማርያም ደውላ ነገረችኝ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አባባ ይናገሩ ዘንድ ኢማሙን አስፈቀዱ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፦ «ይህ ውሃ በስሜ ይጠራል። ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠጣ ሰው በስሜ አትጥሩት። ለልብስ፣ ለዕቃ ይሁን። ለልጅ አትስጡ። ሰንሰለቱን ፍቱት፣ ጠጡት ግን አልላችሁም» አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ይዘው ከቧንቧው ውሃ ሊጠይቁ ወደ እርሻው በር ሄዱ። እዚያ ከሚሠሩት ግማሾቹ የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ በሩን አልዘጋም፣ አላስገባቸውምም። ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ነገም እንመጣለን ብለው ተነሱ።

«አለቀሱ?» አልኳት።

«አባትሽ? እኛ ነን ያለቀስነው።»

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ቢሮ የለንም። የጋሽ ፍሰሐ ሳሎን ውስጥ እየሠራን ነው፤ ሚስቱ በሁዳዴ ሽሮ ታንበሸብሸናለች። ከጮሌ፣ ከኢተያ፣ ሰው የራሱን ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ እየላከ ነው። የት እናስቀምጠው?

ሽማግሌዎቹ ዒድ አለፈና ወደ እርሻው በር ተመለሱ። በየቀኑ። ምንም የለም። ዛሬም ምንም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

የእርሻው ሰዎች እሺ አሉ። አንድ ቦኖ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ጠዋት ብቻ። በደብዳቤ አይደለም፣ በቃል ነው። በቃል የተሰጠ በቃል ይነሳል። ለሊሴ አጨብጭቢ አለችኝ። አጨበጨብኩ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

አባባ ደወሉ። ከጀርባቸው የጀሪካን ኳኳታና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«ልጄ፣ ካርታሽ ላይ የለም።»

«ምኑ አባባ?»

«አዲሱ ቦኖ። ዛሬ ተከፈተ። ሰማያዊ አድርጊው።»

«ከቦኖው ተቀድቶ ሳይመረመር አልችልም።»

አንዷን ሴት «ቆዪ» ሲሏት ሰማሁ።

«ከተራራ የመጣ ምንጭ ነው እኮ። ካምፑ ይጠጣዋል። አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«ቧንቧው መሃል ላይ ያፈሳል አባባ። የሚያፈስ ነገር ያስገባል። አላውቅም።»

አላውቅም ማለት እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ሰማያዊ ማድረግ በአንድ ጣት ነው።

«እኔስ?» አሉ። «ብርጭቆው በእጄ ነው። ልጠጣ ወይስ ልጠብቅ?»

ይጠጡ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይጠብቁ» አልኩ። «ሌላውም አፍልቶ ይጠጣ። ነገ መጥቼ እቀዳለሁ።»

«ሌላውማ በየት በኩል ይሰማሻል፣ እየተጋፋ ነው» አሉ። ከዚያ የብርጭቆው ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ሰማሁ። «ነይ እንግዲህ። በጠዋት ነይ፤ ሰልፉ ይረዝማል።»